አማቴ የጀመሩት ኪልት

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18፣ 2025። ሃሚልተን፣ ካናዳ

ዛሬ ከተራ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ታቦት መሸኘት ሲገባኝ የአማቴ ምድር ቤት ውስጥ ካርቶን ሳገላብጥ ዋልኩ። ቤቱ በረዶው ሲያልፍ ሊሸጥ ነው። አማቴ ባለፈው ኦክቶበር በ86 ዓመታቸው አርፈዋል። እጃቸው ሥራ ፈትቶ ያየሁት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ብቻ ነው፤ ቁርጥማቱ ጣቶቻቸውን ከቆለፋቸው በኋላ።

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን በሆዴ አንቱ እላቸው ነበር፤ እዚህም እንደዛው እጽፋለሁ። እሳቸው እኔን "ሄን" ነበር የሚሉኝ። ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው አካባቢ ሴትን ሲያቆላምጡ እንደዛ ይሏታል። ቃሉ ሴት ዶሮ ማለት ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ተቀይሜ ነበር።

ባለቤቴ ልብሶቻቸውን ይዞ መጣ። "ቆራርጠን ብርድ ልብስ እናሰራበት፣ መታሰቢያ ይሆናል" አለኝ። እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ከሟች ልብስ ቁራጭ በቁራጭ ገጣጥመው ይሰፋሉ። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። አባቴ መርካቶ በረንዳ ላይ አርባ ዓመት ሰፍቷል። በእሱ ቋንቋ ይሄ ነገር ስሙ ድሪቶ ነው፤ ደህና ቀሚስ ለድሪቶ መቁረጥ ደግሞ ኃጢአት ነው። "እናስብበት" ብዬ አለፍኩት።

ከዛ ነው ትራስ ልብሱን ያገኘሁት። ውስጡ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት የተያዘ፣ ነጭ የበዛበት ባለ መስመር ሱፍ። ኪልት ነው፣ የስኮትላንዶች ባለ ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ። ግማሹ ሽንሽን ተሰፍቷል፣ ግማሹ ይቀራል። መርፌው ከነክሩ አንደኛው ሽንሽን ላይ እንደተሰካ ዝጓል። ልጄ የስኮትላንድ ጭፈራ የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ናናዋ (አያቷን እንደዛ ነው የምትላቸው) ልኳን ሲወስዱ እኔም ነበርኩ። አሁን አሥራ አንድ ሞልቷታል።

ልብሶቹን መልሼ ሰቀልኳቸው። የምሠራውን አውቄያለሁ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19

በስፌት መኪናው ጀመርኩ። ሲንጀር 99ኬ ነው፣ በእጅ የሚዞር፣ የእንጨት ክዳን ያለው። ትንሽ ይመስላል እንጂ ከምድር ቤት ሳወጣው ወገቤ ተንቋቋ። ቁጥሩ "ኢጄ" በሚሉ ሁለት ፊደሎች ይጀምራል። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስኮትላንድ ውስጥ፣ አማቴ ያደጉባት ክላይድባንክ ከተማ ነው የተሠራው። "ኬ" የፋብሪካው ሰፈር ኪልቦዊ ናት።

ባለ ሞተር ለምን እንዳልያዙ አንዴ ጠይቄያቸው ነበር። "የብሪታንያ ሞተር ካናዳ መጥቶ ምን ሊሠራ?" አሉኝ። እዛ ኤሌክትሪኩ 240 ቮልት ነበር፣ እዚህ 120 ነው። ክንድ ቮልት አይመርጥም።

መኪናው ግን ንቅንቅ አልል አለ። አዲስ አበባ ደወልኩ። እነሱ ጋ ማታ አንድ ሰዓት ነው፣ አባዬ ከጃንሜዳ ተመልሶ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል። ስልኩን መኪናው ላይ አዙሬ አሳየሁት።

"እንዳታስገድጂው!" ገና ሳልነካው ነው የጮኸው። "ዘይቱ ነው ሙጫ የሆነው። ነጭ ጋዝ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አድርጊና አሳድሪው። ጠዋት በቀስታ ወዲያ ወዲህ። ሲፈታ ደግሞ ጋዙን ጠራርገሽ የመኪና ዘይት ስጪው። የማን ነው?"

"የአማቴ።"

"የእኚያ ኮቴን የገለበጡት ሴትዮ?"

ሳቅሁ። ለሰርጋችን አዲስ አበባ የመጡ ጊዜ ነው። አባዬ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ሱፍ ለብሶ እጁን ሲዘረጋላቸው፣ ጨበጡትና የኮቱን ጫፍ ገልበጥ አድርገው ገበሩን ማየት ጀመሩ። ዘመድ ሁሉ ክው አለ። አባዬ ግን ኮቱን አውልቆ ሰጣቸው። ሁለቱ አንድ ጥግ ይዘው ግማሽ ሰዓት ያህል አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ጣት ጣት እያሳዩ ተጨዋወቱ። በማግስቱ መርካቶ ወሰዳቸው። በረንዳው ሙሉ ወንድ ብቻ ሲሰፋ አይተው "ሴቶቹ የት ሄዱ?" አሉ። በእሳቸው አገር ቤት ውስጥ መኪና ላይ የምትቀመጠው ሴት ናት።

ነጭ ጋዝ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ገዛሁ። ሽታው አያስቀምጥም፣ ክብሪትም አያስጠጋም። ውጭው ከዜሮ በታች 12 ሆኖ መስኮት ከፍቼ፣ ካፖርት ለብሼ ወጥ ቤት ውስጥ ጠብ ጠብ ሳደርግ አመሸሁ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 25

አምስት ቀን ፈጀ። ረቡዕ ማታ ጎማው አንድ ጣት ያህል ተንቀሳቀሰ። ሐሙስ ግማሽ ዞረ። ዓርብ ሙሉ ዞረ። ድምፁ ሲጀምር ልጄ ከፎቅ "ናና!" ብላ ወረደች፣ ከዛ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች።

ዛሬ ክዳኑን ሳጸዳ ነው የዋልኩት። የእንጨቱ ቀለም እየተላጠ ነው። ይህን እንጨት የሚያለሰልሱ ሴቶች በዛ ፋብሪካ ታሪክ አላቸው። በማርች 1911 የአንድ ክፍል አለስላሾች ቁጥር ሲቀነስ፣ የቀሩት 12 ሴቶች የተቀነሱትን ሥራ ደርበው እንዲሠሩ ታዘዙ። እምቢ ብለው ወጡ። በቀናት ውስጥ 11 ሺህ ያህል ሠራተኛ ተከተላቸው። አድማው በሦስት ሳምንት ከሸፈ፤ መሪዎቹም ተባረሩ። አማቴ ይህን ሲያወሩ ትናንት የሆነ ይመስል ፊታቸው ይቀላ ነበር። እሳቸው የተወለዱት በ1938 ነው እንግዲህ።

ሰፈሩ ሁሉ መኪናው ነበር። የከተማዋ አርማ ላይ የስፌት መኪና ተስሏል። የባቡር ጣቢያው ስም ሲንጀር ነው፣ ዛሬም። ፋብሪካው አናት ላይ በአራቱም አቅጣጫ የሚታይ ግዙፍ ሰዓት ነበረ፤ አገሬው የሚነቃውም የሚረፍደውም በሱ ነው። በ1963 አፈረሱት። ፋብሪካው ራሱ በ1980 ተዘጋ። ዜናውን አማቴ እዚሁ ሃሚልተን ሆነው ሰሙ። ባለቤቴ ያኔ ልጅ ነው፤ እናቱ የዛን ቀን እራት እንዳልሠሩ ያስታውሳል።

ዛሬ ማታ ደግሞ የበርንስ ሌሊት ነው። ስኮትላንዳውያን ባለቅኔያቸው ሮበርት በርንስ የተወለደበትን ቀን ሃጊስ እየበሉ ያከብሩታል። ሃጊስ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር ተከትፎ በጨጓራ ተቋጥሮ የሚቀቀል ነው። ቀመስኩ። አማቴ አዲስ አበባ ዱለት ሲቀርብላቸው አንዴ ጎረሱና "ዘመዳችን ነው፤ አጃውን ምን አደረጋችሁት?" ነበር ያሉት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 1

ክር የሚያጠነጥነው ክፍል ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ተሰነጣጥቃ ነበር፤ ቀየርኳት። ስፌቱ ይዘላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ክሩን ሳጠብቅ ሳላላ ቆየሁ። ለካ መርፌውን ገልብጬ ነው የከተትኩት። ለአባዬ አልነግረውም።

መኪናውን ከእንጨት መሠረቱ ሳነሳ ስሩ አንድ ነገር አገኘሁ። የክፍያ ደብተር። ሲንጀር መኪናውን በየሳምንቱ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ በየገጹ ቀንና ሽልንግ ተጽፏል። ስሙ ግን የአማቴ አይደለም። የእናታቸው ነው። ባለቤቴም አያውቅም። "ሁሌ የእሷ መኪና ነው የምንለው" አለ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ዛሬ ኪልቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። ወደ አራት ሜትር ጨርቅ ነው። የአዋቂ ወንድ ኪልት ሰባት ስምንት ያርድ ይውጣል፣ ሁሉም ከኋላ ነው የሚሸነሸነው። ከፊት ሜዳ ነው።

የዚህ ሽንሽን ብልሃቱ እንዲህ ነው። ጨርቁ ላይ መስመሮቹ የሚደጋገሙበት ልክ አለ፤ የዚህኛው 15 ሴንቲ ነው። እያንዳንዱ ሽንሽን አንድ ሙሉ ድግግሞሽ ይውጣል። ከውጭ የሚታየው ግን ሁለት ሴንቲ እንኳ አይሞላም። የሚታዩት ቅጥነቶች ጎን ለጎን ሲገጠሙ ጨርቁ ጭራሽ ያልታጠፈ ይመስላል፤ ከኋላም ከፊትም ያው ሥዕል። ሃያ ሽንሽን ነው የታሰበው። አሥራ አንዱ አልቋል። ዘጠኙ ለኔ።

አጉሊ መነጽር አምጥቼ የሳቸውን ስፌት አየሁት። በአንድ ሴንቲ ሜትር አራት ጥልቆሽ። ከውጭ አይታይም። ከዳሌ ወደ ወገብ ሲወጣ ሽንሽኑ በፀጉር ስፋት እየጠበበ ይሄዳል፣ መስመሩ ግን አይሰበርም። ይሄን ሁሉ በተቆለመመ ጣት ነው የሠሩት።

ጥልቆሾቹ ደግሞ ወደ ማዶ ነው የተጋደሙት። አማቴ በግራ እጃቸው ነበር የሚሰፉት፣ በቀኝ ነበር የሚጽፉት። የዛን ዘመን ትምህርት ቤት ግራ እጅን በአለንጋ ነበር የሚያርመው። ክላይድባንክ ላይ ግራኝ ሰው መጠሪያው "ኮሪ ፊስትድ" ነው፤ ስድብም ቁልምጫም ይሆናል። መርፌን ማንም አላረመባቸውም። አሁን ሳስበው የእጅ መኪናው ለሳቸው የተሠራ ነው። ቀኝ እጅ ያዞራል፣ ጨርቁን የሚመራው ግራ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

አሥራ ሁለተኛው ሽንሽን። ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ሰፋሁ፣ ፈታሁ። መጀመሪያ ክሩን አጥብቄ ጨርቁ ተሸበሸበ። ሁለተኛው ላይ ነጩ መስመር ከጎረቤቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ወረደ። አንድ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል ብዬ ልተወው ነበር፤ ከሁለት ክንድ ርቀት ሳየው ጥርሱ የወለቀ ሰው መሰለ። ሦስተኛው ደህና ነው። አንድ ሽንሽን፣ አራት ሰዓት ተኩል።

ባለቤቴ በመኪና ለምን አልሰፋውም አለኝ። ዝም ብዬ አየሁት። ቡና አፈላ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ሁለት ሽንሽን ጨመርኩ። ዓይኔ ሲደክም የቁልፍ ቆርቆሮውን ፈታሁ። የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ካረጀ ልብስ ሁሉ የተቆረጠ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የወገብ ላስቲክ፣ መንጠቆ። አማቴ ልብስ ጨርቅ ሆኖ ወለል መወልወያ ከመሆኑ በፊት ቁልፉን ሳይቆርጡ አይለቁትም ነበር።

የጦርነት ልጅ ናቸው። ብሪታንያ ውስጥ ልብስ ከጁን 1941 ጀምሮ በኩፖን ሆነ፤ እስከ 1949 ቆየ። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ነበር፣ አንድ የሱፍ ቀሚስ ብቻ 11 ይበላል። መንግሥት "ባለህ ተብቃቃ፣ ጠግን" የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የአባት ኮት ለልጅ ካፖርት ይሆናል፣ የልጅ ካፖርት ለታናሽ ሰደርያ። እኔ ድሪቶ ብዬ ያፈርኩበትን እሳቸው በኩራት ነበር የሚያወሩት። በዚህ ነገር አልተስማማንም። አሁንም ደህና ቀሚስ አልቆርጥም።

ቆርቆሮው ታች የእንጨት ማጠንጠኛ ላይ የተጠቀለለ ክር አለ፣ "ፔዝሊ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። ፔዝሊ ከክላይድ ወንዝ ማዶ ያለች የክር ከተማ ናት። ናፖሊዮን ሐር ወደ ብሪታንያ እንዳይገባ ሲያግድ የክላርክ ቤተሰብ ሐርን የሚተካ የጥጥ ክር አወጣ፤ በ1812 ፋብሪካ ከፈቱ። እኔም ያን ክር ጎተት አድርጌ ሞከርኩት። ተበጠሰ። አርጅቷል። ለኪልቱ አዲስ ገዛሁ።

ልጄ ከቆርቆሮው አንድ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጣች። "ይሄማ የዳምፕሊንጉ ነው!" ልክ ናት። ክሉቲ ዳምፕሊንግ፤ ዱቄት፣ ዘቢብና ቅመም ጨርቅ ውስጥ ተቋጥሮ ለሰዓታት የሚቀቀል ኬክ። "ክሉት" በነሱ አነጋገር ጨርቅ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ኬካቸውን ሳይቀር ልብስ ያለብሱታል።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ልጄን ለካሁ። በሁለት ዓመት ርዝመቱ 6 ሴንቲ፣ ወገቧ 4 ሴንቲ ጨምሯል። ላብ አጠመቀኝ። ኪልት ታች እጥፋት የለውም። የጨርቁ የራሱ ጠርዝ ነው ታች የሚውለው። ወርዶ የሚፈታ ነገር የለም። የሳቸውን አሥራ አንድ ሽንሽን መፍታት ደግሞ አልፈልግም።

ገለበጥኩት። የወገቡ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ በነጭ ክር ተይዟል። ክሩን ፈታሁ። ትርፉ ሰባት ሴንቲ ነው። ትርፍ መኖሩ አልገረመኝም፣ ማንም ልብስ ሰፊ ለልጅ ትርፍ ይተዋል። የገረመኝ ስፌቱ ነው። የሽንሽኖቹ ስፌት ወገብ ላይ አልቆመም። አልፎ ትርፉ ውስጥ ገብቷል፤ እስከ መጨረሻው ጫፍ፣ በዛው በአራት ጥልቆሽ። ማንም የማያየው ቦታ ነው። አጥፈው ደበቁት። ልጅቷ ስታድግ የሚፈታው ሰው ሌላ ሥራ እንዳይኖርበት።

የወገቡን 4 ሴንቲ ማሰሪያዎቹን በማዛወር ተወጣሁት። የፊቱ ተደራቢ ሰፊ ነው፣ ይበቃል።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ዛሬ ቀኑ ስለሆነ ስኮትላንድ ያሉትን የባለቤቴን አክስት ደወልንላቸው። ማርች 13 እና 14፣ 1941 ጀርመኖች ክላይድባንክን ሁለት ሌሊት በቦምብ ደበደቧት። ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ከተማዋ 12 ሺህ ያህል ቤት ነበራት፤ ምንም ሳይነካ የተረፈው ከአሥር አይበልጥም። የሲንጀር የእንጨት ግቢ ነድዶ ሰማዩን አበራው። አማቴ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ካምፕ ሄደን እሳት ስናነድ ሁሌ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር።

የክፍያ ደብተሩን ነገር ጠየቅናቸው። አክስት ሳቁ። የእናታቸው የስፌት መኪና በዛ ሌሊት ከቤቱ ጋር ቀርቷል። ለአሥራ ሁለት ዓመት ሴትየዋ በእጃቸው ብቻ ሰፉ። በ1953 አማቴ በ15 ዓመታቸው ትምህርት ጨርሰው ሲንጀር የመርፌ ክፍል ገቡ። በመጀመሪያው ደሞዝ ይቺን መኪና በእናታቸው ስም አስያዙ። ሳምንት በሳምንት ከፈሉ። በ1957 አግብተው ወደ ካናዳ ሲነሱ እናትየው መኪናዋን ገመድ አስረው ወደብ ድረስ ራሳቸው ተሸከሟት። "አልወስድም" "ትወስጃለሽ" እየተባባሉ መርከቡ ስር ተጣሉ።

በዛ ዓመት ካናዳ ከ280 ሺህ በላይ ስደተኛ ተቀበለች፤ ከየትኛውም አገር የሚበልጠው ከብሪታንያ ነው። አማቴ ሃሚልተን ገቡ፣ ባላቸው ብረት ፋብሪካ ተቀጠረ። እሳቸው ለሰፈሩ መጋረጃ፣ ቀሚስ፣ ከዛም ለጨፋሪ ልጆች ኪልት ሰፉ። ስንት ኪልት እንደሰፉ የጻፉበት ደብተር የለም። በየበጋው ፈርገስ ወይም ማክስቪል ከተማ በሚደረገው የስኮትላንድ ጨዋታ ላይ መድረኩ ስር ተቀምጠው ጭፈራውን ሳይሆን ጀርባ ጀርባውን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

አለቀ። ሃያኛው ሽንሽን ማክሰኞ ሌሊት፣ የወገቡ ቀበቶና ገበሩ ዛሬ። ገበሩን በእጅ መኪናዋ ሰፋሁት፤ ልጄ አዞረች፣ እኔ መራሁ። እርጥብ ጨርቅ ደርቤ በካውያ ተጫንኩት። ቤቱ እርጥብ በግ በግ ሸተተ።

ከውስጥ ሲታይ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው መሃል ጥልቆሾቹ አቅጣጫ ይቀይራሉ። የሳቸው ወደ ግራ፣ የኔ ወደ ቀኝ። የኔ ደግሞ ትንሽ ሰፋ ይላል። ይቅር።

ልጄ ለበሰችው። ዘለለች። ሽንሽኑ ተበተነና መልሶ ገጠመ። "ያሳክካል" አለች።

አባዬ ጋ ደወልኩ። ስልኩን አስጠግቼ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ውስጡን አሳየሁት። ብዙ ዝም አለ። "እዛ ጋ መልሺው" አለኝ፤ መለስኩት። "ይሄኛው ያንቺ ነው" አለ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ። ሌላ አልጨመረም። ቆየና፦

"ወገቡ ላይ ስንት ተውሽ?"

"ከላይ አንድ፣ በማሰሪያው በኩል ሦስት።"

"ሦስቱ ይበቃል። ከላይ ያለው ግን አንሷል፤ እግሯ ረጅም ነው፣ እንደ እናትሽ።"

ስልኩን ዘግቼ ሜትሬን አነሳሁ።